ላሜራንና ዳይን በብርሃን መለካት፦ ኦፕቲካል ፍተሻ ምንድን ነው?

የመኪና በር መነሻው ጠፍጣፋ ላሜራ ነው። ላሜራው ፕሬስ ማሽን ውስጥ ይገባል፤ ከላይና ከታች ባሉ የብረት ቅርጾች መሃል ይጨመቃል፤ የበር መልክ ይዞ ይወጣል። ቅርጹን የሚሰጠው መሣሪያ ዳይ ይባላል። ጣጣው የሚመጣው ፕሬሱ ሲከፈት ነው። የታጠፈ ብረት ጫናው ሲለቀው ትንሽ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ባለሙያዎቹ ስፕሪንግባክ ይሉታል። ስለዚህ ዳዩ ከንድፉ ጋር አንድ ቢሆን እንኳ የሚወጣው ዕቃ ከንድፉ ሊለይ ይችላል። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ዕቃውን ለብቻው ያየ ሰው ልብ አይለውም። በሩ ሲገጠም ግን ክፍተቱ በአንድ በኩል ጠቦ በሌላው ሰፍቶ ይታያል።

ኦፕቲካል ፍተሻ ማለት ይህን ልዩነት ዕቃውን ሳይነኩ በብርሃንና በካሜራ መለካት ነው። በስፋት የሚሠራበት ዘዴ እንዲህ ነው። ፕሮጀክተር በዕቃው ላይ ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች ይጥላል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ መስመሮቹ ቀጥ ይላሉ፤ ጎበጥ ያለው ላይ ይታጠፋሉ። በተለያየ አቅጣጫ የቆሙ ሁለት ካሜራዎች ይህን ያነሳሉ። በካሜራዎቹ መካከል ያለው ርቀትና አንግል አስቀድሞ ይታወቃል። ኮምፒውተሩ ከዚህ ተነስቶ በሦስት ማዕዘን ስሌት እያንዳንዱ ነጥብ የት እንዳለ ያወጣል። በጥቂት ሰከንዶች ሚሊዮኖች ነጥቦች ሊሰበሰቡ ይችላሉ። ከየአቅጣጫው የተነሳው ሲገጣጠም የዕቃው ሙሉ ገጽ ይገኛል።

ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሰማያዊ ብርሃን የሚጠቀሙት በምክንያት ነው። ካሜራው ላይ ያለው ማጣሪያ ያንን ቀለም ብቻ ስለሚያሳልፍ የፋብሪካው መብራት ልኬቱን ብዙም አይረብሸውም።

ዕቃውን በጫፉ እየነካ የሚለካው ማሽን ከሥራ አልወጣም። ለቀዳዳ ዲያሜትር ወይም ተሞርዶ ለተስተካከለ ወፍራም ብረት እኔም እሱን እመርጣለሁ። ላሜራ ግን ሌላ ነው። ላሜራ ሲሳሳት አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አይሳሳትም፤ መላ አካሉ ይጣመማል። ሃምሳ ነጥብ ነክተን ብንለካ በነጥቦቹ መሃል ያለው ግምት ሆኖ ይቀራል። ሙሉ ገጹ ሲለካ ግን ጥመቱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚደርስ ይታያል።

ውጤቱ ከኮምፒውተር ንድፉ ጋር ይነጻጸርና በቀለም ካርታ ይቀርባል። ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ማለት ከተፈቀደው ልዩነት አልወጣም ማለት ነው። ቀይ ከንድፉ ወደ ውጭ የወጣውን፣ ሰማያዊ ወደ ውስጥ የገባውን ያሳያል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ካርታው የሚወሰነው ዕቃው ከንድፉ ጋር በተገጣጠመበት መንገድ ነው። ኮምፒውተሩ አጠቃላይ ልዩነቱ እንዲያንስ አድርጎ ካገጣጠመው፣ ስህተቱ በዕቃው ሁሉ ላይ ይበተንና ካርታው የዋህ ይመስላል። በመግጠሚያ ቀዳዳዎቹ በኩል ካገጣጠምነው ደግሞ ያው ዕቃ አንድ ጫፉ ላይ ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል። ልኬቱ አንድ ነው፤ ሥዕሉ ግን ሁለት። የቀለም ካርታ የሚያሳያችሁን ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ «በምን ነው ያገጣጠምከው?» ብላችሁ ነው። ቀጥሎ ዕቃው ሲለካ ታስሮ ነበር ወይስ ነጻ ነበር የሚለው ይመጣል፤ ሰፊ ላሜራ በራሱ ክብደት እንኳ ይረግባልና።

ዕቃውን ብቻ መለካት በእኔ እምነት ግማሽ ሥራ ነው። ዳዩም መለካት አለበት። ዳዩ ከንድፉ ጋር ልክ ሆኖ ዕቃው ከተጣመመ፣ ምክንያቱን ከስፕሪንግባክ፣ ከላሜራው ጥራት ወይም ከፕሬሱ አሠራር እንፈልጋለን። ዳዩ ራሱ ከሳተ ደግሞ አሠራሩን ወይም መበላቱን እናያለን። ሁለቱን ሳይለዩ ዳይ መሞረድ ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው።

የዳይ ሠሪው ሥራ ስፕሪንግባኩን አስቀድሞ አስቦ ዳዩን ከሚፈለገው በላይ ማጠፍ ነው። ሲሙሌሽን (ጭነቱን በኮምፒውተር አስመስሎ መሞከር) ይረዳል፤ ግን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ፕሬሱ ነው። ስለዚህ ይጫናል፣ ይለካል፣ ዳዩ ይስተካከላል፣ እንደገና ይጫናል። የአሉሚኒየም የመለጠጥ ግትርነት የብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ 70 ጊጋ ፓስካል ገደማ ከ210 ጋር ማለት ነው። በጥንካሬና በውፍረት እኩል ቢሆኑ አሉሚኒየሙ ሦስት እጥፍ ያህል ይመለሳል። በጣም ጠንካራ ብረቶችም ከለስላሳው የበለጠ ይመለሳሉ። መኪናን ለማቅለል እነዚህ መመረጣቸው የልኬቱን ሥራ አክብዶታል።

በዚህ ዙር መሃል ባለሙያው ዳዩን በእጁ ይሞርደዋል፣ ይወለውለዋል። ጥሩ ዕቃ መውጣት ሲጀምር ዳዩ ከመጀመሪያው ንድፍ ርቋል። ያ እውቀት የሚገኘው ብረቱ ላይ ብቻ ነው። ዳዩ ቢሰበርና ምትኩ ከድሮው ንድፍ ቢሠራ ያ ሁሉ ድካም ከዜሮ ይጀምራል። ዳዩ ተስተካክሎ ባለቀ ዕለት ስካን ተደርጎ ቢቀመጥ ግን ምትኩ ከዚያ ይሠራል። በኋላ የትኛው ጠርዝ እንደተበላም ከዚሁ ጋር በማስተያየት ይታወቃል።

ብርሃን የማይወደው ነገር አለ። የሚያብረቀርቅ ገጽ ያደናግረዋል፤ ለዚህ ስስ ነጭ ዱቄት ይረጫል። ጥልቅና ጠባብ ቦታ ካሜራው ካላየው አይለካም። ሙቀትም አይናቅም። የልኬት መነሻ በዓለም አቀፍ ደረጃ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 1 ሜትር አሉሚኒየም በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል።

ቅርጹ ልክ ሆኖ ብረቱ የሳሳበት ጊዜም አለ። ይህን ለማወቅ ላሜራው ከመጫኑ በፊት ትናንሽ ክቦች ወይም ነጥቦች ይታተሙበታል። ከተጫነ በኋላ ክቦቹ ሞላላ ይሆናሉ። ካሜራው የመወጠራቸውን መጠን ይለካል፤ የብረቱ ይዘት (ቮልዩም) ስለማይለወጥ በሁለቱም አቅጣጫ የተወጠረበት መጠን ምን ያህል እንደሳሳ ይነግረናል። የተለካው የመወጠር መጠን፣ ተመራማሪዎቹ ስቱዋርት ኪለር እና ጎርተን ጉድዊን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባበጁት የመሰንጠቅ ወሰን መስመር (ብረቱ ሳይሰነጠቅ እስከ ምን ድረስ እንደሚወጠር በሚያሳይ ግራፍ) ላይ ሲቀመጥ፣ ገና ያልተሰነጠቀ ግን ለመሰንጠቅ የቀረበ ቦታ ተለይቶ ይወጣል። ያኔ የቅባቱን መጠን፣ የዳዩን ጠርዝ ክብነት ወይም ላሜራውን የሚይዘውን ግፊት መለወጥ ይቻላል።