ስላይዲንግ ስኬል፦ በአሜሪካ በገቢ ልክ የሚከፈልበት የአእምሮ ሕክምና

አሜሪካ ውስጥ የግል ቴራፒስት (በንግግር የሚያክም የምክር ባለሙያ) ለአንድ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩን እዚያው ይተወዋል። ያንኑ ሕክምና እንደ ሰው ገቢ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ግን በብዙ ከተሞች አሉ። ችግሩ ቅናሹ ጠይቆ፣ ወረቀት አቅርቦ ካልሆነ አለመገኘቱ ነው።

ድርጅቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማዕከላት መነሻ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኦክቶበር 31 ቀን 1963 የፈረሙት ሕግ ነው፤ ሕሙማን በትልልቅ ሆስፒታሎች ከሚዘጋባቸው በየሰፈራቸው እንዲታከሙ የወጣ። ቨርጂኒያ ላይ ይህን ሥራ የያዙት ሰው «ሲ ኤስ ቢ» የሚላቸው የኮሚዩኒቲ ሰርቪስ ቦርዶች ናቸው። ሌሎቹ የፌዴራል ድጎማ የሚያገኙት የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ሲሆኑ፣ በአገሪቱ ከ1,300 በላይ አሉ፤ ብዙዎቹ ከስኳርና ከደም ግፊት ክትትል ጎን የምክር አገልግሎትም ይሰጣሉ። ሰው የሚዘነጋው የዩኒቨርሲቲ ማሠልጠኛ ክሊኒኮችን ነው። «ተማሪ ነው የሚያክመኝ» የሚለው ያሸሻል እንጂ ሠልጣኙ የሚይዘው ሰው ጥቂት ነው፤ ሥራውንም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይከታተለዋል። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ሠልጣኙ ይሄዳል፣ ታካሚውም ታሪኩን ለአዲስ ሰው እንደገና ይጀምራል።

ቅናሹ በእንግሊዝኛ «ስላይዲንግ ስኬል» ይባላል። በፌዴራል የሚደጎሙት ጤና ጣቢያዎች ሕጋቸው ግልጽ ነው። ገቢው መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የድህነት መስመር ያልበለጠ ሰው ቢበዛ ለስም ያህል ትንሽ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ እስከ መስመሩ እጥፍ ድረስ ያለው በደረጃ ይቀነስለታል፤ መክፈል ስላቃተው ብቻ ግን ማንም አይመለስም። የ2025 መስመር ለአንድ ሰው በዓመት 15,650፣ ለአራት ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነበር።

ስሌቱ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። በየሁለት ሳምንቱ ግብር ሳይነሳለት 1,150 ዶላር የሚከፈለው የፓርኪንግ ሠራተኛ እንውሰድ። በወር ሁለቴ ይመስለውና በ24 ያባዛል፤ ክፍያው ግን በዓመት 26 ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ገቢው 29,900 ዶላር ነው። ቅጹ ላይ ራሱን ብቻ ከጻፈ የዚያ ዓመት መስመር 191 በመቶ ላይ ይወድቃል፤ የሚቀነስለትም ጥቂት ነው። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ከቆጠረ ግን ከመስመሩ በታች ነው። አንዲት ሳጥን ናት ልዩነቱን ያመጣችው። ማን እንደ ቤተሰብ እንደሚቆጠር ድርጅቱ ራሱ ስለሚወስን፣ አገር ቤት የሚረዷቸው ወላጆች ይገቡ እንደሆነ መጠየቅ ነው። የኡበር ሹፌር ደግሞ የዓመቱን የታክስ ወረቀት ይዞ፣ የሚታየው ጠቅላላው ነው ወይስ ወጪ ተቀንሶ የተረፈው ብሎ ይጠይቅ። በእጅ የሚከፈለው ሰው የአሠሪ ደብዳቤ ወይም የራሱ የተፈረመበት ቃል ይቀበሉት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይበጀዋል።

የመጀመሪያው ስልክ ላይ «አምሃሪክ፣ ፕሊስ» ማለት ይበቃል። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ድርጅት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ ልጅን ማስተርጎም አያስፈልግም፣ አይገባምም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እዚያ የባሕርይ ጤና (የአእምሮ ጤናና የሱስ) መሥሪያ ቤቱ የስልክ መስመር 1-888-793-4357 ነው። በሌሎች ከተሞች 211 ወደሚባለው የማኅበራዊ አገልግሎት መረጃ መስመር ደውሎ በአቅራቢያ ያለውን መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ የሚጠየቀው አጭር ነው፦ አዲስ ሰው ትቀበላላችሁ? ወረፋው ስንት ሳምንት ነው? በእኔ ገቢ አንዱ ቀጠሮ ስንት ይሆናል? ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ግን ወረፋ አይጠብቅም፤ 988 ወደሚባለው የአስቸኳይ ጊዜ መስመር ይደውላል፣ እዚያም አስተርጓሚ በስልክ ይገባል።

አስተርጓሚው የሐበሻ ሰው መሆኑ ብዙዎችን ያስፈራል፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም አንድ። አስተርጓሚውም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ያም ሆኖ በአካል የሚገኝ ሳይሆን ከሌላ ግዛት የሆነ የስልክ አስተርጓሚ ይሁንልኝ ማለት ይቻላል።

ከባዱ ነገር የመጀመሪያው ምዘና ላይ ነው። አብዛኛው ቦታ ፒ ኤች ኪው 9 የሚባል፣ ድባቴን (ዲፕሬሽንን) የሚለካ ባለ ዘጠኝ ጥያቄ ቅጽ ይሰጣል፤ የአማርኛ ቅጂም አለው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይያዛል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል፣ 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ክትትል ያሻል ይባላል። የሚጠየቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው። የእኛ ሰው ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ ጀምሮ በጨዋነት 0 ያስሞላል፤ ነጥቡ ሲያንስ ወረፋው ላይ ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል። ትርጉሙም ያሳስታል። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» የሆድ ሕመም ተብሎ ይተረጎማል፤ ድባቴ ደግሞ «ድብርት» ሲባል ታካሚው «ሰው ሁሉ ይደብረው የለም እንዴ?» ብሎ ያልፈዋል። እንቅልፍ ስንት ሌሊት እንደጠፋ፣ ከሥራ ስንት ቀን እንደተቀረ በቁጥር መናገር ከዚህ ያድናል። ፀበል የሚጠመቅም ይህንኑ ይናገር፤ መድኃኒቱን በፀበሉ ሰሞን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ በሽታውን ሊያገረሸው ይችላል።

የምክር ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አያዝም፤ የሚያዘው ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ወይም ነርስ ፕራክቲሽነር (መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ ያለው ነርስ) ስለሆነ ሁለቱ ቀጠሮ ሊለያይ ይችላል። ክፍያውም እንደዚያው። ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ከኪሱ የሚከፍል ሰው ቀጠሮ ሲይዝ የወጪ ግምት በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው፤ ሂሳቡ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካለፈ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይደውሉ የቀሩበት ቀጠሮ ፋይሉን ሊያዘጋው ይችላል። ቅናሹም ለዘለዓለም አይደለም፦ ብዙ ቦታ በየዓመቱ ገቢ እንደገና ይታያል፣ ወረቀቱ ካልታደሰም የሚቀጥለው ሂሳብ በሙሉ ዋጋ ይመጣል።