አሠሪ ስፖንሰር ያደረገው የአውስትራሊያ የሥራ ቪዛ ሲከለከል፦ የይግባኝ ትሪቡናሉ አሠራር

አውስትራሊያ ውስጥ በአሠሪ ስፖንሰርነት የሚሰጠውን ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ የሚፈቅደውና የሚከለክለው የአገር ውስጥ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ነው። እሱ እምቢ ካለ ግን ነገሩ አላለቀም። ከመሥሪያ ቤቱ ነፃ የሆነ ትሪቡናል ጉዳዩን ከሥሩ ያየዋል። ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ወደዚያ አገር የሄዱት በስደተኝነት ወይም በቤተሰብ በኩል ስለሆነ ይህ መንገድ በአማርኛ ብዙም አልተጻፈበትም። ከታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሦስቱን እርከኖች መለየት ያስፈልጋል። ድርጅቱ በስፖንሰርነት ይጸድቃል። ቀጥሎ የሥራ መደቡንና ሠራተኛውን የሚያቀርብበት ኖሚኔሽን ይጸድቃል። በመጨረሻ ሠራተኛው ቪዛውን ያገኛል። ሦስቱም ለየብቻ ይወሰናሉ፤ ይግባኛቸውም ለየብቻ ነው።

ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ኖሚኔሽኑ ሲወድቅ ቪዛውም ተከትሎት ይወድቃል። በኖሚኔሽኑ ላይ ይግባኝ ማለት የሚችለው ግን አሠሪው ብቻ ነው። አሠሪው ከሰለቸ፣ ገንዘብ ካጠረው ወይም ድርጅቱን ከዘጋ ሠራተኛው በእሱ ቦታ ቆሞ መከራከር አይችልም። የራሱን የቪዛ ይግባኝ ቢያቀርብም ከጀርባው የጸደቀ ወይም ገና በይግባኝ ላይ ያለ ኖሚኔሽን ከሌለ ትሪቡናሉ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ቪዛው የተከለከለበት ሰው በቅድሚያ አሠሪውን ይግባኝ ማለቱን መጠየቅ አለበት።

ቀነ ገደቡ ጥብቅ ነው። በእስር ላይ ላልሆነ አመልካች ውሳኔው ከደረሰው ጀምሮ 28 ቀን ይሰጠዋል፤ ካለፈ አይራዘምም። ክፍያው ከ3,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው። ለተቸገረ በግማሽ ይቀነሳል፤ ያሸነፈም ግማሹ ይመለስለታል።

የትሪቡናሉ ትልቁ ጸጋ አዲስ ማስረጃ መቀበሉ ነው። የደመወዝ ሰነድ፣ የሥራ ውል፣ የድርጅቱ ሒሳብ፣ መጀመሪያ ያልቀረበ ሁሉ ይታያል። የሥራ መደቡ እውነተኛ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚፈታው በዚህ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው የኢሚግሬሽን ይግባኝ ትሪቡናል በ1989 ተቋቋመ፤ በ1999 በሌላ ተተካ። ያም በ2015 ከ1976 ጀምሮ ይሠራ ከነበረው አጠቃላይ የአስተዳደር ይግባኝ ትሪቡናል ጋር ተቀላቀለ።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት የተናወጡ ነበሩ። በ1996 የተጀመረው፣ 457 የተባለው በአሠሪ ስፖንሰርነት የሚሰጥ ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ እንደሚቀር ሚያዝያ 2017 ተነገረ። በማግስቱ 216 ሙያዎች ለቪዛው ከሚፈቀዱት ሙያዎች ዝርዝር ወጡ፤ ማመልከቻቸው ገና በመታየት ላይ የነበሩ ሰዎች ጭምር ተነኩ። መጋቢት 2018 ላይ በ482 ቪዛ ተተካ። እሱም ታኅሣሥ 2024 በአዲስ መልክ ተቀየረ። ዝቅተኛው ዓመታዊ የደመወዝ ወለል ለዓመታት 53,900 ዶላር ላይ ቆሞ ከቆየ በኋላ በሐምሌ 2023 ወደ 70,000 ዘለለ። ሐምሌ 2024 ደግሞ ከሥራ የወጣ ሠራተኛ ሌላ ስፖንሰር የሚፈልግበት ጊዜ ከ60 ወደ 180 ቀን አደገ። ይህ እጅግ የሚመሰገን እርምጃ ነው።

ትሪቡናሉም ራሱ ተነካ። የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማርክ ድሬይፈስ በፖለቲካ ሹመቶች ምክንያት እንደሚፈርስ በታኅሣሥ 2022 አስታወቁ። ወቀሳው መሠረት ነበረው ይባላል። ሆኖም በዚያ ሁሉ የመዝገብ ክምር ውስጥ በቅንነት የሠሩ አባላትን መርሳት አይገባም። ጥቅምት 14 ቀን 2024 በቦታው አዲሱ የአስተዳደር ውሳኔዎች ገምጋሚ ትሪቡናል ሥራ ጀመረ።

በትሪቡናሉ የተረታ ሰው በ35 ቀን ውስጥ ወደ ፌዴራል ሰርኪዩት እና ቤተሰብ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ግን ሠራተኛው ለቪዛው ይገባዋል አይገባውም ብሎ አይወስንም፤ የሚያየው የሕግ ስህተት መኖሩን ነው። ስህተት ካገኘ መዝገቡን እንደገና እንዲታይ ወደ ትሪቡናሉ ይመልሰዋል።