ሌይትሞቲፍ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሌይትሞቲፍ ከአንድ ሰው፣ ነገር ወይም ሐሳብ ጋር ተያይዞ እየተመላለሰ የሚመጣ አጭር ዜማ ነው። ሰሞኑን አንድ የፊልም ተንታኝ ስለ አንድ የጀግና ፊልም ሲያወራ "ሌይትሞቲፉ አሪፍ ነው" አለ። የሚያወራለት ዜማ በፊልሙ ውስጥ የተሰማው አንዴ ብቻ ነው። አንዴ የተሰማ ዜማ፣ ዜማ ነው። በቃ።

ሌሎቹ ደግሞ መደጋገሙ ይበቃቸዋል። "ክፉው ሰውዬ በመጣ ቁጥር የሱ ሙዚቃ ይመጣል" ይላሉ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። መደጋገሙ መነሻ ነው። ስሜቱን የሚሠራው ግን ዜማው በተመለሰ ቁጥር የሚለወጠው ነገር ነው።

እናት ልጇን ስትጠራ አስቡ። ስሙ ያው ስም ነው። ለምሳ ስትጠራው፣ ብርጭቆ ሰብሮ ሲደበቅ ስትጠራው፣ ከዓመታት በኋላ ኤርፖርት ላይ አይታ ስትጠራው ግን አንድ አይደለም። ልዩነቱ የሚገባው ስሙን አስቀድሞ ለሚያውቅ ነው። የፊልም ሙዚቃ ደራሲም መጀመሪያ ስሙን ያስለምዳችኋል፣ ከዚያ አጠራሩን ይቀይርባችኋል።

የስታር ዋርስ ፊልሞችን ክፉ ሰውዬ፣ የዳርት ቬደርን ማርሽ እንይ። በ1977 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የመጀመሪያው ስታር ዋርስ ውስጥ የለም፤ ነበር ብሎ የሚምል ሰው ግን ሞልቷል። የፊልሞቹ ሙዚቃ ደራሲ ጆን ዊሊያምስ ይዞት የመጣው በ1980 በወጣው ቀጣዩ ፊልም ነው። ያኔ ትራምፔትና ትሮምቦን ይጮሁበታል፣ ከሥሩ የሠራዊት እርምጃ አለ። በ1983 ሰውዬው ልጁ ፊት ሲሞት ያው ዜማ ሳስቶ፣ ቀስ ብሎ ይመጣል። በመጨረሻም በሃርፕ ብቻ ይሰማል። ስትጠሉት የኖራችሁት ሰው አንጀታችሁን ይበላዋል።

እናትየዋ ዝም የምትልበትም ጊዜ አለ። በጆውስ (1975) እነዚያ ሁለት ኖታዎች ሻርኩ መቅረቡን ይናገራሉ። ሁለት ልጆች የውሸት የሻርክ ክንፍ ይዘው ዋናተኛውን ሲያስበረግጉ ግን ሙዚቃ የለም። ጆሮውን የጣለ ሰው ቀልድ መሆኑን ያውቃል። ኋላ ላይ እውነተኛው ሻርክ ከጀልባው ጀርባ ብቅ ሲልም ሙዚቃው አይቀድመውም። እናንተ ደግሞ ሙዚቃው ይነግረናል ብላችሁ ተደላድላችኋል። "በመጣ ቁጥር ይመጣል" ያለው ሰውዬ ይህን ምን ሊለው ነው?

ምሳሌዬ እስከ መጨረሻው አይዘልቅም። የትኛዋም እናት የአንዱን ስም በሌላው ውስጥ አትደብቅም። ዊሊያምስ ደብቋል፤ በ1999ኙ የስታር ዋርስ ፊልም፣ አድጎ ቬደር የሚሆነው የትንሹ አናኪን የዋህ ዜማ ሲያልቅ የቬደር ማርሽ ሽው ይላል።

ይህን ሁሉ ለሙዚቃ ደራሲው ብቻ አትስጡት ታዲያ። ሙዚቃው የት ይግባ የሚለውን ፊልሙን አብረው እያዩ ከዳይሬክተሩ ጋር ነው የሚወስኑት። በኤዲቲንግ ጊዜ ደግሞ የሌላ ፊልም ሙዚቃ ለጊዜው ይለጠፋል፣ ቴምፕ ትራክ ይሉታል። ዳይሬክተሩ እሱን ከለመደው ደራሲው "ይህን የሚመስል አምጣ" ይባላል። የብዙ ፊልሞች ሙዚቃ የሚመሳሰልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ደግሞ ሁሉም ፊልም ሌይትሞቲፍ አያስፈልገውም። በጦርነት ፊልሙ ደንከርክ (2017) የሙዚቃ ደራሲው ሃንስ ዚመር የሚያስጨንቀን በሰዓት ቲክታና ማቆሚያ በሌለው መልኩ ሽቅብ የሚወጣ በሚመስል ድምፅ ነው። እዚያ ውስጥ የማን ዜማ የቱ ነው ብሎ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።