የባሕር ኃይል ዋና ሐኪም ሥራው ምንድን ነው?

የባሕር ኃይል ዋና ሐኪም ማለት የባሕር ኃይሉን የሕክምና ክፍል በሙሉ የሚመራ ከፍተኛ መኮንን ነው። ሲጀምር እንደማንኛውም ሐኪም በሽተኛ ያያል፤ መርከብ ላይም ይመደባል። ማዕረጉ ከፍ ሲል ሆስፒታል መምራት ይመጣል። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ ከአዛዦችና ከበጀት ሰዎች ጋር ነው፦ መርከበኛው ምን ይብላ? የት ይተኛ? ለእኔ ትልቁ ሥራው ይሄ ነው፤ ገና ያልታመመውን ሰው ማዳን።

ጃፓናዊውን ታካኪ ካኔሂሮን እንይ። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1849 ነው። በ1872 ባሕር ኃይል ገባ፤ ከ1875 እስከ 1880 ለንደን ሕክምና ተማረ። ሲመለስ የባሕር ኃይሉ ሆስፒታል በቤሪቤሪ ሕሙማን ተጨናንቆ ነበር። በሽታው እግር ያሳብጣል፣ ያደነዝዛል፣ ሲብስም ልብን አድክሞ ይገድላል።

ታካኪ መጀመሪያ ያጣራው ማን እንደሚታመም ነው። መኮንኖቹን እምብዛም አይነካቸውም፤ የሚያልቀው ተራው መርከበኛ ነው። ልዩነቱ ምግባቸው ላይ ነበር። መርከበኛው የቀለብ ገንዘቡን በእጁ ይቀበላል። ነጭ ሩዝ ብቻ እየበላ የተረፈውን ለቤተሰቡ ይልካል። ከአፉ ቀንሶ ቤቱን የሚደጉም ልጅ በዚያው ምክንያት ይሞታል። ይህን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል።

በ1883 ሪዩጆ የምትባል የማሠልጠኛ መርከብ ከረጅም ጉዞ ተመለሰች። ከ376 ሰዎች 169ኙ በቤሪቤሪ ታመዋል፤ 25ቱ ሞተዋል። ታካኪ በሚቀጥለው ዓመት ሱኩባ የተባለችው መርከብ በዚያው መስመር እንድትጓዝ ተሟገተ፤ ቀለቧ ግን ሥጋ፣ ዳቦና ወተት ጭምር ይሁን አለ። ወጪው ከባድ ስለነበር መንግሥትን ማሳመን ቀላል አልሆነለትም። ሆኖም ተፈቀደለት። በቤሪቤሪ አንድም ሰው ሳይሞት ተመለሱ። የታመሙት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ሥጋውን ወይም ወተቱን አንነካም ያሉ ነበሩ።

በ1885 ዋና ሐኪም ሆነ። ሥጋና ዳቦ ብዙዎቹ ስላልተስማማቸው ሩዙ ላይ ገብስ ማስቀላቀል ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቤሪቤሪ ከባሕር ኃይሉ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ምክንያቱን ግን በትክክል አላገኘውም ነበር። የፕሮቲን እጥረት መሰለው። የጎደለው ሩዙ ሲፈተግ አብሮ የሚወገደው ቫይታሚን ቢ1 ነው። እሱ በሕይወት እያለ እንኳ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልጠራም። እኔ ግን ስሙን የማነሳው ለዚህም ጭምር ነው፤ ማብራሪያው እስኪሟላ አልጠበቀም፣ ሰው መዳኑን አይቶ ቀለቡን ቀየረ።

የምድር ጦሩ ዋና ዋና ሐኪሞች አልተቀበሉትም። በሽታው ከጀርም ነው ብለው በነጭ ሩዛቸው ጸኑ። በ1904 እና 1905 ከሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት ከ20 ሺህ በላይ ወታደሮቻቸው በቤሪቤሪ ሞቱ። ባሕር ኃይሉ በዚያው ጦርነት ይህ ችግር አልነበረበትም። ታካኪ በ1905 የባሮንነት ማዕረግ ሲሰጠው፣ ሰዉ «የገብሱ ባሮን» ይለው ጀመር።