የወተት ጥርስ በጎጃም፦ የሚወረወረውና የሚቆፈረው

የወተት ጥርስ ሕፃኑ 6 ወር ገደማ ሲሆነው ማቆጥቆጥ ይጀምራል። ልጁ 3 ዓመት እስኪሞላው 20ውም ይሟላል፤ ከ6 ዓመት ወዲያ ደግሞ ተራ በተራ እየወለቀ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ይለቃል። በጎጃም፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ከደጀን እስከ ጣና ዳር፣ ይህን የተፈጥሮ ሂደት ሁለት ልማዶች ከበውታል። አንደኛው የወለቀን ጥርስ ጣራ ላይ መወርወር ነው። ሁለተኛው ገና ያልበቀለን ጥርስ «ግግ» ብሎ ከሕፃን ድድ ውስጥ ማውጣት ነው። ሁለቱም በጎጃም ብቻ የሚታዩ አይደሉም፤ በአንድ ቤት ጣራ ሥር አብረው መኖራቸው ግን ያስገርማል።

ጥርስ መነቃነቅ ሲጀምር የቤተሰቡ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል። ልጁ በምላሱ ሲገፋው ይውላል፤ ታላቅ እኅት «ልንቀልልህ» እያለች ታስፈራራዋለች፤ እናት ከፈተለችው ጥጥ ክር በጥሳ ታስርበታለች። ብዙ ጊዜ ግን ክሩም ሳያስፈልግ ልጁ ቆሎ ሲቆረጥም ወይም የበቆሎ እሸት ሲግጥ ጥርሱ በራሱ ጊዜ ይወልቃል። የወለቀው ጥርስ የትም አይጣልም። ልጁ ደጅ ይወጣና ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ ጣራ ላይ ይወረውረዋል። ሲወረውር የሚለው ቃል ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዱ ወፍን ይጠራል፣ ሌላው አሞራን፤ ፍሬ ነገሩ አሮጌውን ወስደህ አዲሱን ስጠኝ ነው። ወፍም ሆነ አሞራ ጥርስ እንደሌላቸው ልብ የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ለጥያቄው መልስ ያለው አዋቂ ግን ብርቅ ነው።

ጣራ ላይ መወርወር በሩቅ አገርም የታወቀ ነው። በጃፓን የታችኛው ጥርስ ወደ ጣራ ሲወረወር የላይኛው ከቤቱ ወለል ሥር ይጣላል፤ አዲሱ ጥርስ ወደ አሮጌው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ነው ይላሉ። በስፔን ጥርሱ ትራስ ሥር ይቀመጣል፤ ወሳጇም አይጥ ናት።

የጎጃሙ ልማድ ለሣር ክዳን ቤት የተመቸ ነው። በሰንበሌጥ የተከደነ ጎጆ የተወረወረለትን ጥርስ ይውጣል፤ ልጁም ጥርሱ እንደተወሰደለት አምኖ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ቆርቆሮ እንዲህ ያለ ጨዋነት የለውም፤ ጥርሱን እያንኳኳ አንሸራትቶ መልሶ ደጅ ላይ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ፈልጎ እንደገና መወርወር ነው። በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ፎቅ ላይ ለሚኖር ልጅ ደግሞ ጣራው ጭራሽ የሚደረስበት አይደለም።

የጥርስ መንቀያ ዕድሜ በገጠር ልጅ ጥጃ ጠባቂ የሚሆንበት፣ ፊደል መቁጠር የሚጀምርበት ወቅት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ልደቱ በወረቀት ላልሰፈረ ልጅ የወለቁት የፊት ጥርሶች የዕድሜ ፍንጭ ይሰጡ ነበር። ገበሬው ይህን ዘዴ ከከብት ገበያም ያውቀዋል፤ ወይፈን የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ስንት ጥርስ እንደነቀለ ሳያይ ዋጋ አይቆርጥም። ከብት የመጀመሪያዎቹን የፊት ጥርሶች የሚቀይረው 2 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ስለሚተካው ጥርስ መልክ ደግሞ ምኞት አለ፤ ፍንጭት ሆኖ ቢወጣ ለልጅቱ የውበት ምልክት ነው።

ግግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው ያተኩሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጡት እንቢ ይላል። ድዱ ሲታይ ክራንቻ በሚበቅልበት ቦታ አበጥ ብሎ ነጣ ያለ ነገር ይታያል። በልማዱ ይህ እብጠት የበሽታው ምንጭ ነው፤ አንዳንዱም ትል ነው ይለዋል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ጥርሳቸውን የነቀሉ ባህላዊ አውጪዎች ይጠራሉ። መርፌ፣ ምላጭ ወይም ሌላ የሾለ ብረት ይዘው ድዱን ሰንጥቀው እብጠቱን ፈልቅለው ያወጡታል። የወጣው ነገር ለስላሳና ነጭ ነው፤ ለእናት ሲያሳዩአት ትል ይመስላታል። በእውነቱ ገና ያልጠነከረ የጥርስ ቡቃያ ነው።

ልማዱ ሥር የሰደደበት ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም። ሕፃን ጥርስ የሚያበቅልበት ጊዜ ከጡት ሌላ ምግብ የሚጀምርበት፣ መሬት ላይ እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ጊዜ ነው፤ ተቅማጥ የሚበረታውም ያኔ ነው። አብዛኛው ተቅማጥ ደግሞ በቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ግግ ከወጣ በኋላ የዳነውን ልጅ ሁሉም ያያል፤ ሳይወጣለትም ይድን እንደነበር የሚያሳይ ምስክር ግን የለም። እናቲቱን በሞኝነት መክሰስ ስለዚህ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የዓይኗን ነው ያመነችው።

ጉዳቱ ከባድ ነው። ደም ይፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ባልጸዳ ብረት መንጋጋ ቆልፍና ኤች አይ ቪ ሊተላለፉ ይችላሉ። በተቅማጥ ውኃው ያለቀ ሕፃን ቁስል ተጨምሮበት መጥባት ሲያቅተው ለሞት ይቀርባል። ከዚህ የተረፈው ልጅ ጉዳት የሚታየው ዘግይቶ ነው። ከወተት ክራንቻው ሥር የቋሚው ቡቃያ ስላለ ብረቱ እሱንም ይነካዋል። የታችኛው ቋሚ ክራንቻ በ9 ወይም በ10 ዓመት፣ የላይኛው በ11 ወይም በ12 ዓመት መውጣት ሲገባው ጠማማ ወይም ቅርጸ ቢስ ሆኖ ይበቅላል፤ ከነጭራሹ የሚቀርበትም አለ። ያን ጊዜ የሕፃንነቱን ግግ የሚያስታውስ ሰው ስለማይኖር ጉድለቱ እንደ ተፈጥሮ ይቆጠራል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 የሕፃን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል በስም ጠቅሶ ለሞት ካበቁ እንደሚያስቀጡ ደንግጓል፤ አንቀጽ 562 ደግሞ የአካል ጉዳትን ይመለከታል። ነገር ግን ግግ የሚወጣው በወላጅ ፈቃድ፣ በቤት ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ በጎረቤት እጅ ነው፤ ከሳሽ ከየት ይመጣል? ከሕጉ ይልቅ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትቀርባለች። ሕፃኑ ሲያስቀምጠው ጡት ሳይቋረጥ ኦ.አር.ኤስ. በንጹሕ ውኃ በጥብጦ በየጊዜው ማጠጣት፣ ዚንክ መስጠት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ደም ካስቀመጠው ወይም መጥባት ካቃተው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው የምታስተምረው። ድዱ ያበጠውም ጥርስ ሊያወጣ ስለሆነ እንደሆነ ትነግራለች።