ግንዛቤ ምንድን ነው? «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» ከማለታችን በፊት

ወረርሽኝ በገባ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር አብሮ ይገባል። «ዋናው ችግር የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው።» ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ ኮሌራ ሲጠየቁ ይህንኑ ደገሙት። «መፍትሔውስ?» ተባሉ። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» አሉ። ውይይቱም እዚያው ላይ አለቀ። በማኅበረሰብ ጤና ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ይህ መልስ በጣም ያናድዳል። ምክንያቱም ውሃ ማቅረብ የነበረበትን አካል ነፃ ያወጣና ጥፋቱን በታማሚው ላይ ይጭናል።

ኮሌራ በምን እንደሚተላለፍ እዚህ አልዘረዝርም። ታውቁታላችሁ። ነገሬም ይኸው ነው።

ግንዛቤ ማለት ሰው ስለ በሽታው የያዘው እውቀት ነው። ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚመጣ፣ ምን ቢያደርግ እንደሚተርፍ ማወቁ ነው። የመከላከል ባህሪ ደግሞ ማታ ደክሞት ሲገባ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ የሚያደርገው ነገር ነው። በሁለቱ መሀል ሰፊ ቦታ አለ። አስተያየት ሰጪው የዘለሉት ያንን ቦታ ነው።

የኮሮናን ጊዜ አስታውሱ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ስልክ በደወልን ቁጥር ከጥሪው በፊት ስለ እጅ መታጠብና ርቀት መጠበቅ የሚነግረን ድምፅ መጣ። ያንን ያልሰማ ባለ ስልክ አልነበረም። ከወራት በኋላ ግን ጭንብሉ አገጭ ላይ ወርዶ ነበር። ሰውዬው ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ፖሊስ ሲያይ ወደ አፍንጫው ከፍ ያደርገው የነበረው እኮ ስለሚያውቅ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነዋሪም እጅ መታጠብ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ውሃው የሚመጣው ግን በሳምንት ጥቂት ቀን ነው። ቀን ሠርቶ ማታ የሚበላ ሰው «ቤት ይቆዩ» ሲባል መልእክቱ ገብቶታል። ቤት ቢቆይ ምን ይበላል?

ገበሬውን እንውሰድ። ሰኔ ገብቶ ማዳበሪያ አልደረሰውም። በዚህ መሀል አንድ ባለሙያ መጥቶ «ማዳበሪያ ምርት ይጨምራል» ብሎ ሰብስቦ ቢያስተምረው ምን ይለዋል? ይህን ገበሬው ከባለሙያው በፊት ያውቃል። ማዳበሪያው ደረሰ እንበል። ዋጋው አለ። ብድሩ አለ። ዝናቡ ቢቀር ዕዳው የማን ነው? ከዚያ የጎረቤቱን ማሳ ያያል። ጎረቤቱ ካልዘራበት እሱም ያመነታል። ደግሞም ያመጣለትን ሰው ያምነዋል ወይ? አምና የተባለው ዘር ሳይበቅል ከቀረ ዘንድሮ ማን ይሰማዋል? ኮሌራም እንደዚያው ነው። የውሃ ማከሚያው ቅርብ ሱቅ መገኘት አለበት። ዋጋው መቻል አለበት። ውሃው ከደፈረሰ ማጣራት፣ ከጨመሩበት በኋላም ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለ። ጎረቤት «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» የሚል ከሆነ እናትየዋ ታቆመዋለች። የውሃ ማከሚያውን ያመጣውን ሰው ካላመነችው ደግሞ ከነጭራሹ አትጀምረውም።

ይህን ምሳሌ ዝም ብዬ አላመጣሁትም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ራሱ ከግብርና ኤክስቴንሽን ብዙ ወስዷል። ለጎረቤት አርአያ የሚሆነውን ቤት «ሞዴል ቤተሰብ» ስንል የ«ሞዴል አርሶ አደር» እህት ነች። ሐሳቡም ትክክል ነበር፤ ሰው ከስብከት ይልቅ ከጎረቤቱ ይማራል የሚል ነው። ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። ማዳበሪያ ያልተጠቀመ ገበሬ የሚጎዳው ራሱን ነው። ኮሌራ ግን ይሻገራል። ባክቴሪያው ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ወይ ምንም አይታመሙም ወይ ቀላል ተቅማጥ ብቻ ይይዛቸዋል። እንዲያም ሆኖ ከ1 እስከ 10 ቀን ድረስ በሰገራቸው ያወጡታል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ጠንቃቃ ቢሆን እንኳ፣ መንደሩ መፀዳጃ ቤት ከሌለው ጥንቃቄው ብዙ አያራምደውም።

አሁን ወደ በርሜል ጊዮርጊስ እንሂድ። ቋራ ወረዳ ያለው ጸበል ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት እዚያ ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ያኔም «ጸበልተኛው ግንዛቤ የለውም» ሲባል ሰምቻለሁ። እስቲ ቦታውን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ከየአገሩ የመጣ ብዙ ሕዝብ አለ። አብዛኛው በሽተኛ ነው። ተጠጋግቶ ያድራል። ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። መፀዳጃው ከሰዉ ብዛት ጋር አይመጣጠንም። ሲጨርስ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደየቀዬው ይበተናል። እዚህ ቦታ ላይ የሕክምና ፕሮፌሰር ብታሳድሩት እሱም ይታመማል። ታዲያ የጎደለው እውቀት ነው? የጎደለው ጉድጓድ ነው፣ ቦቴ ነው፣ ሳሙና ነው። ከውጭ መጥቶ ጸበሉ ላይ ክሎሪን ልጨምር የሚል ሰውም ሰሚ አያገኝም። ከጸበሉ አገልጋዮች ጋር ቁጭ ብሎ የመከረ ግን ለምግብና ለመጠጥ የሚሆነው ውሃ በሌላ ሮቶ እንዲቀርብ መስማማት ይችላል። ይህ ሥራ ስብከት አይደለም። እኛ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የምንለው ይህንን ነው።

እውቀት ብቻውን አንዳንዴ ጉዳትም ያመጣል። በ2014 እ.ኤ.አ. በጊኒ፣ በሴራሊዮንና በላይቤሪያ ኢቦላ ሲዛመት ከመጀመሪያዎቹ መልእክቶች አንዱ «ኢቦላ መድኃኒት የለውም፣ ይገድላል» የሚል ነበር። ሰዉ መልእክቱን በደንብ ሰማ። ሰምቶም «መድኃኒት ከሌለው የሕክምና ድንኳን ውስጥ ብቻዬን ለምን እሞታለሁ?» አለና ታማሚውን ቤቱ አስቀመጠ። የቀብሩም ነገር እንዲሁ ነው። አስከሬን መንካት እንደሚያስይዝ ብዙዎች ያውቁ ነበር። ግን እናቱን ሳያጥብ፣ ሳያስጸልይ በፕላስቲክ ከረጢት የሚያስረክብ ልጅ ከየት ይገኛል? ነገሩ የተሻሻለው ቤተሰቡ ቆሞ እንዲያይ፣ የሃይማኖት አባት እንዲጸልይ ሲፈቀድና የቀብር ሥርዓቱ ክብር ሲያገኝ ነው። ያ ወረርሽኝ ከ11,000 በላይ ሰው ገድሎ ነው ያበቃው።

ሌላው የሚያሳስበኝ ግንዛቤን የምንለካበት መንገድ ነው። «ምግብ ከማዘጋጀትዎ በፊት እጅዎን ይታጠባሉ?» ብላችሁ የጠየቃችኋት እናት «አዎ» ትላለች። እንግዳ ፊት ሌላ ምን ትበል? መጠይቁ ላይ ምልክት ይደረግና ሪፖርቱ ያምራል። ከጓሮ ዞር ብላችሁ መፀዳጃው አጠገብ ውሃና ሳሙና መኖሩን ብታዩ ይበልጣል። ሳሙናው እርጥብ ነው ወይስ ደርቆ ተሰንጥቋል? ውሃ መያዣውስ ላይ የሸረሪት ድር አለ? በ«ሰምተዋል?» ብቻ የተሠራ ጥናት የሚነግረን ሬዲዮው መሥራቱን ነው።

ይህን ሁሉ ስል ማስተማር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ የተባለው፣ የኢቦላ ዘመድ የሆነ በሽታ ሲገኝ በሽታው ለአገራችን አዲስ ነበር። ሲጀምር ትኩሳትና ራስ ምታት ነው፣ ወባ ይመስላል። እዚያ ላይ መረጃ የጎደለው ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ጤና ባለሙያውም ጭምር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ትክክለኛ መልእክት በቶሎ መድረሱ ሕይወት ያተርፋል።

ኮሌራም ላይ ቢሆን አንድ በእውነት የሚጎድል እውቀት አለ። ብዙ ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘውን ሰው «ይብስበታል» ብለው ውሃ ይከለክሉታል። ይህ ይገድላል። ኮሌራ የሚገድለው ፈሳሽ በማሟጠጥ ነው፤ አንዳንዴ በሰዓታት ውስጥ። በጊዜ ከታከመ ግን ከ100 ታማሚ የሚሞተው ከ1 በታች ነው። ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት) ካለ አንዱን ከረጢት ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹህ ውሃ በጥብጡት። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ካስመለሰው ትንሽ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አይከልከል። ጤና ጣቢያ እስክትደርሱ መንገድ ላይም ማጠጣቱን አታቋርጡ።