«የእድገት ሆርሞን ክኒን» ሆርሞኑ ራሱ አይደለም

ይህ ነገር ደጋግሞ ስለሚያምታታ ቀስ ብለን እንየው። የእድገት ሆርሞን 191 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ጡቦች) የተያያዙበት ትልቅ ፕሮቲን ነው። ቢዋጥ ጨጓራና አንጀት እንደ ማንኛውም ምግብ ይፈጩታል። በመርፌ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

የሚዋጡት መድኃኒቶች ግን ሆርሞኑን አልያዙም። ከአንጎል ሥር ያለችውን ፒቱታሪ ዕጢ «ያጠራቀምሽውን ልቀቂ» ነው የሚሏት። ከጨጓራ የሚመነጨው ግሬሊን የተባለ ሆርሞንም የሚያንኳኳው ይህንኑ የዕጢዋን በር ነው።

ከባዱ ሥራ ግን አንኳኪው ሲዋጥ ሳይፈጭ ደም ውስጥ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ከአንኳኪዎቹ አንዱ፣ ጂኤችአርፒ-6 የተባለው ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት)፣ 6 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ሲዋጥ ደም ውስጥ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሞለኪውሉን አሳነሱት፤ ምግብ የሚፈጨው ኢንዛይም በቀላሉ እንዳይቆርጠውም ቅርጹን ቀየሩት። ማሲሞሬሊን የዚህ ልፋት ፍሬ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ፤ ያውም ለአዋቂዎች ምርመራ እንጂ ለሕክምና አይደለም። ታካሚው በውኃ የተበጠበጠውን ይጠጣል፤ ከዚያ በ30፣ 45፣ 60 እና 90 ደቂቃ ደም ይቀዳል። ሆርሞኑ ከፍ ካለ ዕጢዋ ትሠራለች ማለት ነው።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። የሚለቀቀው መጠን ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ዕድሜና ውፍረት ይቀንሱታል። ዕጢዋ ክፉኛ ከተጎዳች ደግሞ ቢያንኳኩም የሚከፍት የለም።